የዘጠነኛው ምህዋር ማኅተም

ፈሪ መሆኔን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ኋላ ከሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል። ሊፍት እፈራለሁ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጮኾ እስኪያበቃ ከሩቅ አየዋለሁ። ውሻ አልፈራም፤ የውሻውን ባለቤት ግን እፈራለሁ። ሥራዬንም የመረጥኩት በፍርሃት ነው። ቂርቆስ ውስጥ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ፋይል አይቆጣም፣ ፋይል አያፈጥም፣ ፋይል "እስቲ ቢሮ ና" አይልም።

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ማኅተም አስቀርጾ የገዛ ሰፈሩን ሕዝብ ሊያስነሳ ደረሰ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ይህንኑ ስጠይቅ ነው የከረምኩት። በአጭሩ ልመልስ ካልኩ፣ በጠፈር ምክንያት ነው።

"ዘጠነኛው ምህዋር" የሚባል ተከታታይ ድርሰት አለ። በስልክ የሚደመጥ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ክፍል ይለቀቃል። ደራሲው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ታሪኩ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ምድር ለሰው አልመች ብላ የተረፈው ሕዝብ ፀሐይን በምትዞር አንዲት የብረት ከተማ ውስጥ ይኖራል። ከተማዋ በዐሥራ ሁለት ቀጠና ተከፍላለች። እዚያም ስብሰባ አለ፣ እዚያም የውሃ ወረፋ አለ። የወደድኩትም ለዚህ ነው። ሌላው የጠፈር ታሪክ ሁሉ ጦርነት ነው፤ ጦርነት ደግሞ በጆሮ ማዳመጫም ቢሆን ያስደነግጠኛል።

በሠላሳ አንደኛው ክፍል ካፒቴኗ የቀጠና አራትን በር ትከፍታለች። ማንም የለም። ገበታው ቀርቧል፣ ወጡ ገና አልቀዘቀዘም፣ የሕፃናት ጫማ በሩ ሥር ተደርድሯል፤ ሰው ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ደራሲው ስለ ቀጠና አራት ትንፍሽ አላለም። እኛን ያባላን ይኸው ነው።

እኛ ማለቴ የድርሰቱ ወዳጆች ነን፤ አሥራ አንድ ነን። ቅዳሜ ከሰዓት ካዛንቺስ አንድ ጭማቂ ቤት ተሰብስበን ስፕሪስ እየጠጣን እንከራከራለን። ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የቱ የጸደቀ ነው፣ የቱ ግምት ነው? የጸደቀ የምንለው በድርሰቱ ውስጥ በግልጽ የተነገረውን ነው። የቀረው፣ እኛ ከየጓዳችን አውጥተን የምንቀጥለው ሁሉ ግምት ይባላል።

የጸደቀውን ወገን የሚመሩት ቲቸር አስቴር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ። ተራኪዋ ካላለችው በስተቀር ፀሐይ መውጣቷን እንኳ አይቀበሉም። የግምቱ አለቃ ዳግም ነው፤ ስታዲየም አካባቢ ስልክ ይጠግናል። እሱ ደግሞ ሠላሳ አንደኛውን ክፍል በማሽን አጉልቶ ሲያዳምጥ ከጀርባ ሦስት የእግር ኮቴና አንድ ሳል ሰማሁ አለ። በዚያ ሳል ላይ ሙሉ ታሪክ ሠራበት፤ አንድ ሰው አስሎ "መጡ" አለ፣ ሕዝቡ በወሬው ደንግጦ ወጣ። ቲቸር አስቴር ሳሉ የተራኪዋ ጉንፋን ነው አሉ። ሁለቱ ለሁለት ሳምንት አልተነጋገሩም፤ መልእክታቸውን የማመላልሰው እኔ ነበርኩ።

የእኔ አቋም? አቋም መያዝ እፈራለሁ። አንድ ቀን ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብል ሁለቱም ተቆጡ። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊ አደረጉኝና ቃለ ጉባኤ ብቻ እይዛለሁ።

ቲቸር አስቴር የቀጠና አራት ሰዎች በትእዛዝ ነው የተነሱት ይላሉ፤ ምክንያቱም በአሥራ ሁለተኛው ክፍል "ያለ ደብዳቤ ማንም ከቀጠናው አይወጣም" ተብሏል፤ የጸደቀ ነው። ዳግም ታዲያ አንድ ቅዳሜ ማንኪያውን አስቀምጦ ደብዳቤ ከነበረ ወረቀቱ የታለ ሲል ጠየቀ። እኔም በሕይወቴ ሳልጠየቅ ተናግሬ የማላውቀው ሰው አፌን ከፈትኩና እንዴት ተብሎ ይጻፍ እንደነበር እኔ ልጽፈው እችላለሁ አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በእርግጥ እችላለሁ። ሰው ፊት መቆም ያንቀጠቅጠኛል እንጂ ወረቀት ላይ ሌላ ሰው ነኝ። በምሳ ሰዓት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ራስጌው ላይ "የዘጠነኛው ምህዋር አስተዳደር ጽሕፈት ቤት"፣ ቁጥር፣ "ለቀጠና አራት ነዋሪዎች በሙሉ፣ ባላችሁበት"፣ "ጉዳዩ፦ ከቀጠናው መነሳትን ይመለከታል"። ነዋሪዎቹ እስከ ወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ድረስ ንብረታቸውን ጠቅልለው በውጭኛው ምህዋር በተዘጋጀላቸው ስፍራ እንዲሰፍሩ መወሰኑን ገልጬ "ለምታደርጉት ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን" ብዬ ዘጋሁት። ግልባጭም አለው፤ ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ አንገት የሌለው ሸሚዝ ነው። ስለ ኦክስጅን አንድ መስመር ጽፌ ነበር፤ ቲቸር አስቴር የኦክስጅኑ ጉዳይ ገና አልጸደቀም ብለው አስወጡት። ያ መስመር እዚያው ቢቆይ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ዳግም ደብዳቤውን ገልብጦ አየና ማኅተም የለውም አለ። ልክ ነዋ። በዚህ አገር ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም፣ መጠቅለያ ነው። የሟች አባትህን ስም እንኳ ያለ ማኅተም ብትጽፍ ማን ያምንሃል? ስለዚህ የጸደቀውን ወገን ለማዳን ማኅተም ይሠራ ተባለ፣ በእጅ ብልጫ አለፈ፣ እኔም ቃለ ጉባኤውን ያዝኩ። አሠሪው ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

ለገሃር ያገኘሁት ማኅተም ቀራጭ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ አለኝ። የማኅበራችንን ደብዳቤ አወጣሁለት። አገላብጦ አየውና ማኅተም የለውም ብሎ መለሰልኝ። ማኅተም ለማሠራት ማኅተም ያስፈልጋል። መንገዱ ላይ ብቻዬን ስቄ ብሄድ ጥሩ ነበር፤ ግን ጠፈር ውስጥ ላለ ከተማ ነው፣ ለጨዋታ ነው ብዬ አስረዳሁት። ለካስ እሱም አድማጭ ኖሯል። የቀጠና አራት ሰዎች በካፒቴኗ ተንኮል ነው የጠፉት የሚል የራሱ ግምት ነበረው፤ ግማሽ ሰዓት ካዳመጥኩት በኋላ ክቡን፣ መሐሉ ላይ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ያለበትን ማኅተም ቀረጸልኝ። ዐርብ ዕለት ደብዳቤው ግርጌ ላይ ረገጥኩት። ቀለሙ ፈሰሰና ጽሑፉ ደበዘዘ፤ ክብ መሆኑ ግን ከሩቅ ይታያል። ልቤ ሲዘል ተሰማኝ፤ በኋላ እንደገባኝ ደስታ አልነበረም፣ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ከሥራ ስወጣ ለአሥሩ አባላት ላባዛው ሰፈራችን መግቢያ ላይ ወዳለው የሰናይት ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ሰናይት የሰው የሥራ ማመልከቻ እየጻፈች ስለነበር አንተው አንሳ አለችኝ። አነሳሁ። አሥሩን ኮፒ ይዤ ወጣሁ። ዋናውን ማሽኑ ክዳን ሥር ትቼው ወጣሁ።

ይህን ስሕተት የማይሠራ ሰው የለም፤ መታወቂያ የሚረሳ አለ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት የሚረሳ አለ። እኔ የረሳሁት ግን የሰፈር መነሻ ትእዛዝ ነው። የእኛም ሰፈር በአስተዳደሩ አጠራር ቀጠና አራት ነው። እንዴት አላሰብክም አትበሉኝ፤ ሰው የገዛ ጀርባውን አያይም። ደግሞም ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሰፈር ከተነሳ ወዲህ፣ የቀረነው ሰዎች ጆሯችንን አቁመን ነው የምንኖረው። አንድ መኪና ቆሞ ሁለት ሰው ከወረደ፣ በየበሩ መጋረጃ ይገለጣል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው።

እሑድ የእድራችን ስብሰባ ነበር። ሰብሳቢያችን ጋሽ ተሾመ መነጽራቸውን አድርገው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከኋላ ወንበር ሆኜ ክቡን አየሁት። ኮሌታዬን እስከ ጆሮዬ ብስበው ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ብርድ ነው ወይ አለኝ።

ጋሽ ተሾመ ከራስጌ እስከ ግልባጭ አነበቡት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ያህል የሚያስፈራ ደብዳቤ ሰምቼ አላውቅም። "ለምታደርጉት ትብብር በቅድሚያ" የሚለው ላይ ሲደርሱ እኔም እንደሌላው አለቀስኩ ማለት ይቻላል። አንብበው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይህ ወረቀት በይፋ ገና አልወጣም፣ ከመሥሪያ ቤት አካባቢ ያለ አንድ ልጃችን ነው ቀድመን እንድናውቅ በዘዴ ማሽን ሥር የተወልን፣ ስሙን አንጠራም አሉና አፍጥጠው አዩኝ። ሰናይትም አየችኝ። እድሩ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴት ከተቀመጠችበት ሆና በምልክት እጇን ሳመችልኝ።

ያን ጊዜ መነሳት ነበረብኝ። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ጠፈር ነው፣ ስፕሪስ እየጠጣን ነው ማለት ነበረብኝ። ግን ማኅተም አስቀርጸሃል ቢሉኝስ? ሐሰተኛ ሰነድ ቢሉኝስ? እኔ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ሳልፍ እንኳ ሳላጠፋ እጄን ከኪሴ አወጣለሁ። ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ሕዝቡ ይከራከር ገባ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ልክ እንደ ጭማቂ ቤቱ ነው። አንደኛው ወገን ይህ ወሬ ነው አለ፤ ሌላው ማኅተም እያየህ እንዴት ወሬ ትላለህ አለው። እንዲህ የሚባል ጽሕፈት ቤት ሰምተን አናውቅም ሲባል፣ አንዱ መዋቅር ተቀይሮ ይሆናል አለ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ውጭኛው ምህዋር የት ነው ተባለ። ከኮዬ ኮንዶሚኒየምም ያልፋል አለ አንድ ሰው። ሌላው ሳይቱን የዋርሳው ሚስት አይታዋለች፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ ግን ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ውሃ አይወጣም አለ። እኔ የፈጠርኩት ቦታ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የውሃ ችግር ገጠመው።

እትዬ ዘነበች ብቻ ክርክሩ ውስጥ አልገቡም። እትዬ ዘነበች ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ በኋላ በዚያች አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። እናቴ የሞተች ጊዜ ለአርባ ቀን ግድግዳውን አንኳኩተው ምሳዬን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ሆነው ሠርተዋል። ወረቀቱን ከጋሽ ተሾመ ተቀብለው ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከትለው አነበቡት።

"ይህን የጻፈ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነው" አሉ። "እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው አይቀልድም።"

በሕይወቴ ከተመሰገንኩባቸው ሁሉ ትልቁ ምስጋና ነው። የምገባበት ጠፋኝ።

ሰኞ ጠዋት ከግድግዳው ማዶ የሚጎተት ዕቃ ሰማሁ። ወጥቼ ባይ እትዬ ዘነበች ብርድ ልብስ በገመድ እያሰሩ ነው። የወሩ የመጨረሻ በሆነው በዚህ ቅዳሜ አማቻቸው አይሱዙ ይዞ ይመጣል፤ ልጃቸው ዘንድ ይወስዳቸዋል። ከመሄዳቸው በፊት የቤቱን ቁልፍ አስረክበው ነው የሚሄዱት፤ ተገፍቶ ከመውጣት በክብር አስረክቦ መውጣት ይሻላል አሉኝ። የቀበሌ ቤት ቁልፍ አንዴ ከተሰጠ አይመለስም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ቅዳሜ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ፈሪ ሰው እውነቱን ለመናገር ሲፈራ የሚያደርገውን ሁሉ አደረግሁ። መጀመሪያ ማኅተሙን ሽሮ ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሽሮ አልበላሁም። ቀጥዬ ለሰናይት ደብዳቤው እውነት አይመስለኝም አልኳት። በዓይኗ ጠቀሰችኝና፣ እንዳትጠየቅ ብለህ ነው፣ ገብቶኛል፣ አይዞህ አለችኝ። ያን ዕለት ከሰዓት ግማሹ ሰፈር አይዞህ አለኝ። አንዱማ ልጆቼ አንተን አይረሱህም አለኝ፤ የሞትኩ መሰለኝ።

ማክሰኞ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራሁ። ጭማቂ ቤት ተቀምጬ ከሀ እስከ ፐ ነገርኳቸው። ያዝኑልኛል ብዬ ነበር። ዳግም ፊቱ በራ። በቃ ተረጋገጠ፣ ሰው በወሬ ይነሳል፣ ሳሉ ልክ ነበር አለ። ቲቸር አስቴር ስፕሪሳቸውን ገፍተው፣ የምን ወሬ፣ በደብዳቤ ነው እንጂ፣ ያለ ደብዳቤ ማን ተነሳ አሉ። እኔ ስንቀጠቀጥ፣ እነሱ የእኔን መዓት እንደ ማስረጃ እየጠቀሱ ሁለት ሰዓት ተከራከሩ። ጠረጴዛውን አታነቃንቀው ብለው ሁለት ጊዜ ገሠጹኝ።

በመጨረሻ ሁለቱም በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ከተገናኘን ጀምሮ የመጀመሪያቸው ነው። የመሻሪያ ደብዳቤ ጻፍ አሉኝ። ማኅተሙን ከሽሮው አውጥቼ አራግፌ፣ ያለፈው ደብዳቤ ከዛሬ ጀምሮ የተሻረ መሆኑን የሚገልጽ አጭር ወረቀት ጻፍኩና ረቡዕ ጠዋት ማንም ሳያየኝ በጋሽ ተሾመ በር ሥር አሾለክሁት። ክቡ ላይ ትንሽ ሽሮ ነበረበት።

ከሰዓት እድሩ ተጠራ። እፎይ ልል ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ጋሽ ተሾመ አነበቡ፤ ሕዝቡ ከእሑዱ ይልቅ ደነገጠ። ካልነበረ ለምን ይሻራል? ተሻረ ማለት ነበረ ማለት ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት ደብዳቤ ከመጣ ነገሩ ከላይ ነው የተያዘው። አንድ አስተዋይ ሰው ደግሞ ያለፈው ነው የተሻረው፣ ቀኑን ያቀረበ አዲስ ይመጣል ማለት ነው ብሎ ተረጎመው፤ ይህ ትርጉም ጸደቀ። እትዬ ዘነበች ለአማቻቸው ዐርብ መምጣት ትችላለህ ወይ ብለው ደወሉለት። ደግነቱ መኪናው ሥራ ላይ ነበር።

ከዚያም አቤቱታ ይጻፍ ተባለ። ለማን? ለዘጠነኛው ምህዋር አስተዳደር ጽሕፈት ቤት። ማን ይጻፈው? እናንተዬ፣ ይህንን እንኳ ገምቱት። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ የእኔኑ ደብዳቤ የሚቃወም፣ ለእኔው የተጻፈ አቤቱታ አዘጋጀሁ። "አቤቱታችን በትሕትና ታይቶ" ብዬ ራሴን ለመንኩ። አርባ አንድ አባወራና እማወራ ፈረመበት፤ ፊርማ የማይችሉት በጣት። ያን ሐሙስ አዲስ ክፍል ተለቅቆ ነበር፤ አልሰማሁትም።

ወረቀቱ በተፈረመበት በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ጋሽ ተሾመ የነገውን ዕቅድ ነገሩን። ጽሕፈት ቤቱ የት እንደሆነ ስለማናውቅ ዐርብ ጠዋት አራት ሽማግሌና የአቤቱታው ጸሐፊ ሆነን መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄደን እንጠይቃለን አሉ። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ ማኅተሙን አሳይቼ፣ ይህን ያወጣው ማን ነው ብዬ ልጠይቅ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ዐርብ ከመሄጃው በፊት ጋሽ ተሾመ ቤት ሄድኩ። በጀግንነት እንዳይመስላችሁ። በአንድ በኩል ፖሊስ ጣቢያ አለ፣ በሌላ በኩል የእትዬ ዘነበች ቁልፍ አለ፤ ፍርሃቱ ከሁለት ወገን ሲገፋኝ የቀረው ክፍት በር የጋሽ ተሾመ ብቻ ሆነብኝ። ቁርሳቸውን እየበሉ ነበር። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ድርሰቱን፣ ካፒቴኗን፣ ሳሉን፣ ስፕሪሱን። አላመኑኝም። ፈርተህ ነው፣ ስምህን አናነሳም አሉኝ። ማልኩ። ከዚያ የጠየቁኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

"ይህን የሚያረጋግጥ ወረቀት አለህ?"

ወረቀት አልነበረኝም። ማኅተሙን ከኪሴ አወጣሁና በመዳፌ ላይ ረገጥኩት። ክቡ፣ ኮከቡ፣ ትንሽ ሽሮ። ጋሽ ተሾመ እጄን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዱኝና ለረጅም ጊዜ አዩት። ሊመቱኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመቱኝም። ተቀመጡና ሰው ስንት ቀን ሳይተኛ ከረመ አሉ። ማኅተሙን ተቀብለው በመዶሻ ሰበሩት። ፍርዱንም እዚያው ሰጡ፤ ለአንድ ዓመት በሰፈሩ ለቅሶ በሆነ ቁጥር የእድሩን ድንኳን ብረትና ወንበር የምሸከመው እኔ ነኝ። በየቤቱ ዞረው እሳቸው እንዲናገሩ፣ እኔን ግን እንዳይጠቅሱኝ ለመንኳቸው። እጠቅስሃለሁ አሉ። ለዘነበች ደግሞ አንተው በአፍህ ንገራት አሉኝ።

እትዬ ዘነበች ባዶው ቤት መሐል በታሰረ ሻንጣ ላይ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ የባላቸው ፎቶ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቁልፉ በፖስታ ውስጥ ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ፖስታው ላይ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት "ርክክብ" ብለው ጽፈውበታል። እዚያ ስቆም ከፖሊስ ጣቢያው ይልቅ እሳቸውን እንደፈራሁ ገባኝ። ነገርኳቸው። ስናገር መሬት መሬት ነበር የማየው። ከመሥሪያ ቤት ስላወጣሁት ወረቀት የተነገረው ሐሰት እንደሆነ፣ ደብዳቤውን እኔ እንደጻፍኩት፣ ቀጠና አራት የተባለው በሰማይ እንዳለ፣ ቁልፉን እንዳያስረክቡ ነገርኳቸው። ይቅርታ ማለት ግን አልቻልኩም።

ፖስታውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡት።

"ሰዎቹ ታዲያ የት ሄዱ?" አሉኝ።

"የትኞቹ ሰዎች?"

"በድርሰቱ ያሉት። ገበታውን ትተው የሄዱት።"

አልተነገረም፣ ደራሲው ገና አልተናገረም፣ እኛ የየራሳችንን እንገምታለን እንጂ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። መልሱ የጠበቁት ዓይነት ይመስል ነበር። ፖስታውን ቀደዱና ቁልፉን አውጥተው መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ገላገልኳቸው ብዬ ትንፋሼን ለቀቅሁ።

"የማዶዎቹ ከተነሱ ወዲህ" አሉ፣ "በር በተንኳኳ ቁጥር መጡ እያልኩ ነው የኖርኩት። እንቅልፍ የሚባል አላውቅም ነበር። ያንተ ወረቀት የተነበበ ዕለት ቁርጤን አወቅሁና ተኛሁ። አምስት ቀን እንደ ሰው ተኛሁ።" ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። "አሁን አይመጡም ነው የምትለኝ?"

አይመጡም ማለት እንዴት እንደፈለግሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጫለሁ፤ የገባና የወጣ ደብዳቤ ቁጥር በቃሌ አውቃለሁ፤ ለዚህ አንድ ጥያቄ ግን የጸደቀ ነገር አልነበረኝም።

"አላውቅም እትዬ" አልኩ።

ለአማቻቸው ደውለው እንዳይመጣ ነገሩት። እኔም የሚረባ ነገር ልሥራ ብዬ ጎንበስ አልኩና የመጀመሪያውን ጥቅል ገመድ መፍታት ጀመርኩ። ጠበቅ አድርገው አስረውታል፤ ቋጠሮው በጥርስ ካልሆነ አይላላም። እጄን ያዙኝ።

"ፍራሹን ብቻ ፍታልኝ" አሉኝ። "ሌላው እንደታሰረ ይቀመጥ።"